ያገለገለ ሞተር ሳይገጠም እንዴት ይፈተሻል?

ሞተር ሲቀየር ወጪው የሞተሩ ዋጋ ብቻ አይደለም። ጉልበቱም አለ። አሮጌውን ማውረድ፣ ሌላውን አንስቶ ማስገባት፣ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ማጋጠም፣ ሽቦና ቱቦውን አንድ በአንድ መመለስ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ ቢለቅ ወይም ከታች ማንኳኳት ቢጀምር፣ ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። ሻጩ ሌላ ሞተር ቢሰጥዎት እንኳ የመፍቻውንና የመግጠሚያውን ሒሳብ የሚከፍል ብዙ አይገኝም።

ስለዚህ ሞተሩ መፈተሽ ያለበት ገና መሬት ላይ እያለ ነው። ያኔ ዙሪያውን መዞር፣ ከሥር ማየት፣ ሁሉንም ብሎን መንካት ይቻላል። መኪናው ውስጥ ከገባ ግማሽ ጎኑ አይታይም። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ዓይንና እጅ፣ ቀጥሎ ጌጅ (የግፊት መለኪያ)፣ መጨረሻ ላይ ማስነሳት። አንዱ ላይ ከባድ ችግር ካገኙ እዚያው ያቁሙ። የሚቀጥለው ፈተና ቢያልፍም የቀደመውን ችግር አያጠፋውም።

1. ጥያቄውና ቁጥሩ

ሻጩን “ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?” ከማለትዎ በፊት “ለምን ከመኪናው ወረደ?” ብለው ይጠይቁ። የኪሎ ሜትር ቁጥሩ የሚመዘገበው መኪናው ውስጥ ነው። ሞተሩ ብቻውን ሲቀመጥ ያንን ቁጥር ማረጋገጥ ይከብዳል። የወረደበት ምክንያት ግን የት የት ማየት እንዳለብዎት ይጠቁማል። መኪናው ከፊት ተጋጭቶ ከሆነ ፑሌጃው (ከሞተሩ ፊት ቺንጋ የሚዞርበት ክብ ብረት)፣ የውሃ ፓምፑና ሞተሩ የሚታሰርባቸው ጆሮዎች በደንብ ይታዩ። ከኋላ ተጋጭቶ ከሆነ ሞተሩ ያልተነካ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጎርፍ ገብቶበት ከሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ ዝገት ይፈልጉ። “አላውቅም” ካለዎት ደግሞ የሚቀጥሉትን ፈተናዎች አንዱንም ሳይዘሉ ይሥሩ።

ከዚያ ብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ኮድና ቁጥር አጽድተው ያንብቡ፤ ፎቶም ያንሱ። ከአሮጌው ሞተር ኮድ ጋር ያስተያዩት። ሁለቱም 1.8 ሊትር ናቸው ማለት አንድ ናቸው ማለት አይደለም። በሴንሰር፣ በአየር ማስገቢያው ወይም በካምቢዮ መግጠሚያ ቀዳዳዎች ሊለያዩ ይችላሉ። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም በላዩ ላይ ሌላ ተመትቶ ካዩ ሞተሩን ይተዉት። የሞተር ቁጥር በመኪናው ሰነድ ላይ በሚመዘገብበት አገር ሁሉ ይህ ከሜካኒክ አቅም በላይ የሆነ ጣጣ ነው።

2. ውጪውን ማየት

ዘይትና አቧራ የለበሰ ሞተር ሲያዩ አይደንግጡ። ቆሻሻው ከየት እንደሚያፈስ ይጠቁማል። በከፍተኛ ግፊት ታጥቦ የሚያብለጨልጭ ሞተር ግን ያንን ምልክት ሁሉ አጥቷል። ስለዚህ በሌሎቹ ፈተናዎች ላይ ይበልጥ መደገፍ ያስፈልጋል።

ብሎኩን በእጅ ባትሪ ዙሪያውን ይዩት። ስንጥቅ፣ የብየዳ ምልክት፣ ማጣበቂያ የተለጠፈበት ቦታ ካለ፣ በተለይ ከኮፓው (ከታች ዘይት ከሚይዘው ሳህን) ከፍ ብሎ ጎኑ ላይ ከሆነ፣ ውስጥ ቢየላ (ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ብረት) ተሰብሮ ብሎኩን ወግቶት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ለመግጠም የሚገዛ ሞተር አይደለም። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ከብሎኩ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ውሃ ደርቆ የተወው ነጭ ወይም ባለ ቀለም ምልክት ካለ፣ ጓርኒሲዮኑ (በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ) ውሃ ያሳልፋል። የቴስታታው ብሎኖች ላይ አዲስ የቁልፍ ጭረት ወይም ትኩስ ሲሊኮን ካዩ ሞተሩ ተከፍቶ ያውቃል። መከፈቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ለምን እንደተከፈተ ግን መልስ ሊሰጥዎት ይገባል።

የተሰበሩ የሴንሰር ሶኬቶችንና የጎደሉ ዕቃዎችንም ይመዝግቡ። ዋጋ ሲነጋገሩ ይጠቅማል።

3. ዘይቱ፣ ፊልትሮውና የውሃው መንገድ

የዘይት መለኪያውን ይምዘዙ፤ የዘይት መሙያውን ክዳንም ይክፈቱ። ክዳኑ ሥር ብቻ ያለ ስስ ነጭ አረፋ አጫጭር ጉዞ ብቻ ይሄድ በነበረ መኪና ላይ ከእርጥበት ሊመጣ ይችላል። መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ግን ውሃ ዘይት ውስጥ ገብቷል። በመሙያው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያብሩ። ወርቃማ ወይም ቡናማ ቀለም የያዘ ንጹሕ ብረት ደህና ነው። ወፍራም ጥቁር ዝቃጭ ከተጋገረበት ዘይቱ በጊዜው አይቀየርም ነበር።

ከተፈቀደልዎት ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ ያውርዱት። ውሃ ካለ ከዘይት ስለሚከብድ ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው። ከዚያ ዘይቱን ብርሃን ላይ ያንቀሳቅሱት። የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ብረት ካለ ማግኔት ይንከሩበት። ማግኔቱ ላይ የተጣበቀው ከብረት ክፍሎች፣ ለምሳሌ ከካምሻፍት (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ወይም ከክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ)፣ የመጣ ነው። ያልተጣበቀው ከብሮንዚና (ዘንጉ ከሚዞርበት ስስ የብረት መደብ) ወይም ከአሉሚኒየም ፒስተን ሊሆን ይችላል። የመዳብ ቀለም ያለው ቅንጣት ካዩ የብሮንዚናው የላይኛው ሽፋን አልቆ ሥሩ መበላት ጀምሯል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) ነው። ሞተር ሲወርድ ዘይቱ ይፈሳል፤ ፊልትሮው ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። ይፍቱትና ቆርቆሮውን በመቀስ ወይም በመቁረጫ ይክፈቱት። መጋዝ አይጠቀሙ፤ የመጋዙ ብናኝ ውጤቱን ያበላሻል። ወረቀቱን ዘርግተው እጥፋቶቹን ይዩ። ሞተሩ ውስጥ ሲበላ የነበረ ብረት ካለ እዚያ ተይዟል። በእኔ እምነት ያለ ምንም ውድ መሣሪያ ከሚሠሩ ፈተናዎች ሁሉ የዚህን ያህል የሚናገር የለም።

ቴርሞስታቱ በሚቀመጥበት በኩል የውሃውን መንገድ ይዩ። ትንሽ ዝገት ያጋጥማል። ወፍራም የዝገት ጭቃ ወይም ዘይት ካለ ግን ችግር ነው።

4. በእጅ ማዞር

መጀመሪያ ካንዴላዎቹን በሙሉ ይፍቱ። ዲዝል ከሆነ ካንዴሌታዎቹን (ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን) ይፍቱ። የጥርስ ቺንጋው (ካምሻፍቱን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያዞረው ባለ ጥርስ ቀበቶ) ከተበጠሰ ወይም ከወለቀ ግን ሞተሩን አያዙሩት። በብዙ ሞተሮች ላይ ፒስተኑ ቫልቩን መትቶ ያጣምመዋል።

ቡሶላ (ብሎኑ ላይ የሚሰካ ቁልፍ) እና ረጅም እጀታ ይዘው የፑሌጃውን ትልቁን ብሎን ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ብለው ያዙሩ። አብዛኞቹ ከፑሌጃው በኩል ሲታዩ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ይዞራሉ። አንዳንድ የቆዩ የሆንዳ ሞተሮች ግን በተቃራኒው ነው የሚዞሩት። ስለዚህ ቀድመው ያረጋግጡ። ወደ ኋላ ማዞር በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ሰንሰለቱን ወይም ቺንጋውን ጥርስ ሊያዘልለው ይችላል።

ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ። አራቱ ምቶች (ማስገባት፣ ማመቅ፣ ማቃጠል፣ ማስወጣት) የሚያልቁት በሁለት ዙር ነውና አንድ ዙር አይበቃም። ካንዴላ ስለሌለ ያለ ትግል መዞር አለበት። ድንገት ገትሮ ካቆመ በጉልበት አይግፉት። ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ፣ የወደቀ ዕቃ ወይም የታጠፈ ቫልቭ ሊኖር ይችላል። ጨርሶ አልዞር ያለ ሞተር ከፍቶ ለሚሠራ ሰው ይሆናል። እንዳለ ለመግጠም ግን አይሆንም።

ፑሌጃውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉትና ይሳቡት። ክራንክሻፍት ለርዝመቱ ትንሽ ነጻነት አለው፤ በብዙ ሞተሮች በግምት ከ0.05 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። በትክክል የሚለካው በሰዓት ጌጅ ነው። በዓይን የሚታይና “ቋ” የሚል ድምፅ ያለው እንቅስቃሴ ካለ ግን ያለ ጌጅም ይታወቃል፤ የግፊት ብሮንዚናው አልቋል። ይህ በማንዋል መኪና ላይ ይበልጥ ይታያል፤ ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ክራንክሻፍቱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ወደ ላይና ወደ ታች ደግሞ ምንም መንቀሳቀስ የለበትም።

5. ካንዴላዎቹና የሲሊንደሩ ውስጥ

የፈቷቸውን ካንዴላዎች በየሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ይደርድሯቸው። ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆኑ ቃጠሎው ጥሩ ነበር። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል። እርጥብና ዘይታማ ጥቁር ደግሞ ዘይት መግባቱን ያሳያል። ከሌሎቹ ተለይቶ የታጠበ የሚመስል ነጭ ካንዴላ ካለ ያንን ሲሊንደር ይጠርጥሩት፤ ውሃ እየገባ በእንፋሎት ሲያጥበው ሊሆን ይችላል።

ስልክ ላይ የሚሰካ ትንሽ ካሜራ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ያስገቡት። የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ከፋብሪካ የወጡ የተቆላለፉ ሰያፍ መስመሮች አሁንም ቢታዩ ደስ ይላል። ከላይ ወደ ታች የወረደ ጥልቅ ጭረት ግን ጥሩ አይደለም። ፒስተኑ አናት ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ምት ካለ ከዚህ ቀደም ቫልቭ ነክቶታል።

6. ኮምፕሬሽን

ዋናው ፈተና ይህ ነው፤ ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል አምቆ እንደሚይዝ ይለካል። ጊዜ ይስጡት። ሞተሩን የሚያዞረው ሞተሪኖ (የኤሌክትሪክ ማስነሻው) ነው። ሞተሪኖው በብዙ መኪና የሚታሰረው ካምቢዮው ላይ ነውና፣ ካምቢዮው ወይም ባዶ ሽፋኑ ከነቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ ካለው ከባድ ባለ ጥርስ ክብ ብረት ጋር) መገጠም አለበት። ሞተሩን ከኋላው የሚይዘው የተለመደው ማቆሚያ ለዚህ አይመችም። ዝቅ ያለና ሰፊ የእንጨት ወይም የብረት መቀመጫ ላይ ያድርጉትና አጥብቀው ይሰሩት። ሞተሪኖ ሲነሳ ሞተሩን ወደ ጎን ይገፈትረዋል። ይህን ንቆ እግሩን አጠገቡ የሚያቆም ሰው ይጎዳል።

ዘይት መኖሩን ያረጋግጡ። በደንብ የተሞላ 12 ቮልት ባትሪ ያዘጋጁ። የፖዘቲቩን ወፍራም ኬብል ሞተሪኖው ትልቁ ብሎን ላይ፣ የኔጋቲቩን ደግሞ ቀለም የሌለበት የብሎኩ ብረት ላይ ይሰሩ። የሞተሪኖውን ትንሽ ተርሚናል በስዊች ያንቁት። ብልጭታ ስለሚኖር ቤንዚን አጠገብ አይኑር። የቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) እና የኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ሶኬቶች ይነቀሉ።

ካንዴላዎቹ ሁሉም ወጥተው፣ የአየር ማስገቢያው ቢራቢሮ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ጌጁን አንደኛው ሲሊንደር ላይ ይግጠሙ። መርፌው መውጣት እስኪያቆም ያዙሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ምት ይበቃል። ለሁሉም ሲሊንደር ምቱን እኩል ያድርጉ። ቁጥሩን ወዲያው ይጻፉ። መርፌው በመጀመሪያው ምት የት እንደደረሰም ልብ ይበሉ። ዝቅ ብሎ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚወጣ ከሆነ ፋሻ (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ይጠረጠራል። ዝቅ ብሎ ጀምሮ እዚያው የሚቀር ከሆነ ቫልቭ ነው።

የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ120 እስከ 200 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ያሳያል፤ ይህም ከ8 እስከ 14 ባር አካባቢ ነው። ዲዝል ከ300 እስከ 500 ፒ.ኤስ.አይ ይደርሳል። የራሱ ጌጅ ያስፈልገዋልና የቤንዚኑን አይግጠሙበት። ትክክለኛው ቁጥር ፋብሪካው ለዚያ ሞተር ያወጣው ነው።

ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ ግን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከቱ። ዝቅተኛው ከከፍተኛው ከ15 በመቶ በላይ ከወረደ ጥያቄ አለ። ለምሳሌ 146፣ 148፣ 145፣ 144 ያሳየ ሞተር ያረጀ ቢሆንም እኩል ነው ያረጀው፤ ቁጥሩ ከፋብሪካው ዝቅተኛ ወሰን በላይ እስከሆነ ድረስ ያገለግላል። 185፣ 182፣ 180፣ 130 ያሳየው ግን አንድ ሲሊንደሩ ታሟል። ሁለቱን አስቀምጠው ምረጥ ቢሉኝ ያለ ማመንታት የመጀመሪያውን እወስዳለሁ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ፣ ለምሳሌ 172፣ 170፣ 95፣ 98 ከሆነ፣ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም እኩል ዝቅ ካሉ ቶሎ አይፍረዱ። ባትሪው ደክሞ ይሆናል፤ ቢራቢሮው አልተከፈተ ይሆናል፤ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ሲሊንደሩ ደርቆ ይሆናል፤ ወይም የካምሻፍቱ ልክ ተዛብቶ ይሆናል። እነዚህን አስተካክለው እንደገና ይለኩ። ቀዝቃዛ ሞተር ከሞቀው ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደሚያነብም አይርሱ።

ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ሊትር አካባቢ፣ የሞተር ዘይት ጨምረው ድጋሚ ይለኩ። ቁጥሩ በደንብ ከወጣ ችግሩ ፋሻ ወይም የሲሊንደር ግድግዳ ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። ይህን ዲዝል ላይ አይሞክሩት። የቃጠሎ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ዘይትም ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል፤ ሲበዛም ቢየላ ሊያጣምም ይችላል።

7. በአየር መፈተሽ

ሞተሪኖ መግጠም ካልተቻለ ይህ መንገድ አለ። ኮምፕሬሽኑ ቁጥር ይሰጣል፤ አየሩ ደግሞ የሚያፈሰውን ቦታ ያሳያል። ሲሊንደሩን ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት የላይኛው ነጥብ ላይ ያድርጉ። ክራንክሻፍቱ እንዳይዞር ይያዝ፤ አየሩ በኃይል ሊያሽከረክረው ስለሚችል ቁልፉን ብሎኑ ላይ አይተዉት። ከዚያ በባለ ሁለት ጌጅ መፈተሻ 100 ፒ.ኤስ.አይ አየር ያስገቡ።

ከ10 በመቶ በታች የሚያፈስ በጣም ጥሩ ነው። እስከ 20 በመቶ ያገለገለ ሞተር ላይ የሚጠበቅ ነው። 30 ከደረሰ ችግር አለ። አየሩ ከአየር ማስገቢያው ከተሰማ የማስገቢያው ቫልቭ፣ ከጭስ ማውጫው ከተሰማ የማስወጫው ቫልቭ፣ ከዘይት መሙያው ከተሰማ ፋሻው ነው። የውሃውን መንገድ ሞልተው አረፋ ከወጣ ጓርኒሲዮኑ ወይም ስንጥቅ ነው።

8. የዘይት ግፊት

የዘይት ግፊት ሴንሰሩን ፈትተው በቦታው ሜካኒካል ጌጅ ይግጠሙ። ካንዴላ ሳይኖር በሞተሪኖ ሲያዞሩ መርፌው መነሳት አለበት። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ያዩት ከፍተኛ ግፊት ብሮንዚናው ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። እዚህ የምንፈልገው ፓምፑ መሥራቱን ነው። ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ ለእያንዳንዱ 1000 ዙር በደቂቃ 10 ፒ.ኤስ.አይ ያህል የሚለው የቆየ ልማድ ለመነሻ ይጠቅማል።

9. ማስነሳት፣ ከተቻለ

ከሁሉም የሚሻለው ሞተሩ ከመኪናው ሳይወርድ ሲሠራ መስማት ነው። ዕድሉ ካለ በጠዋት፣ ሳይሞቅ ይድረሱበት። መሬት ላይ ለማስነሳት ነዳጅ፣ ሽቦና የሞተሩ ኮምፒውተር ያስፈልጋሉ። የስርቆት መከላከያ ያላቸው ሞተሮች ከነቁልፋቸው ካልሆነ አይነሱም። ካልተቻለ እስከ ስምንተኛው ያለው ሥራ ብዙውን ይነግርዎታል።

የሚያስነሱ ከሆነ ክፍት ቦታ ላይ ይሁን። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ይገድላል። የእሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ይኑር። ራዲያተር ያገናኙ። ያለ ውሃ ከሆነ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አያቆዩት።

ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከላይ “ጠቅ ጠቅ” ብሎ ቢጠፋ ዘይት እስኪደርስ ነው። ከታች የሚመጣና ነዳጅ ሲሰጡት የሚጨምር ወፍራም ማንኳኳት ግን የቢየላ ብሮንዚና ነው። የአንዱን ሲሊንደር ኢንጀክተር ሲነቅሉ ማንኳኳቱ ከቀነሰ በሽተኛው እሱ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት፣ ሲሞቅም የማያቆም ነጭ ጭስ ውሃ፣ ጥቁር ጭስ የበዛ ነዳጅ ነው። ቀደም ሲል ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ጨምረው ከነበረ የመጀመሪያው ሰማያዊ ጭስ ከዚያ ስለሚመጣ ይታገሱት። የዘይት መሙያውን ሲከፍቱ ጭስ በምት በምት እየተገፋ ከወጣ ፋሻው ደክሟል።

10. ካለፈ በኋላ

ውጤቱን ከሞተር ቁጥሩ ጋር ወረቀት ላይ ያስፍሩና ሻጩ ይፈርምበት። ዋስትናው ስንት ቀን እንደሆነና ጉልበቱን ይጨምር እንደሆነ አብሮ ይጻፍ።

ከመግጠምዎ በፊት የኋላውን ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገውን ቀለበት) ይቀይሩ። ዕቃው ርካሽ ነው፤ በኋላ ለመቀየር ግን ካምቢዮ መውረድ አለበት። የጥርስ ቺንጋው፣ መወጠሪያው፣ የውሃ ፓምፑ፣ ቴርሞስታቱና ካንዴላዎቹም አሁኑኑ ይቀየሩ። ፍሪሲዮኑም በዚህ አጋጣሚ ይታይ። አሮጌው ሞተር ብሮንዚና በልቶ የሞተ ከሆነ የዘይት ማቀዝቀዣውንና ቱቦዎቹን እንዳሉ አይመልሷቸው። ውስጣቸው የቀረው ብረት አዲስ የገባውን ሞተር ይበላዋል። ማቀዝቀዣው በደንብ መታጠቡን እርግጠኛ ካልሆኑ ይቀይሩት።

ገጥመው ሲጨርሱ ካንዴላ ሳያስገቡ በሞተሪኖ ያዙሩት፤ የዘይት ግፊት ጌጁ ላይ ሲታይ ብቻ ካንዴላውን አስገብተው ያስነሱ። ዘይቱንና ፊልትሮውን በ1000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይቀይሩ፤ ያወጡትንም ፊልትሮ ሳይከፍቱ አይጣሉት።